ከቦሌ እስከ ደለስ፦ ርቀቱ፣ ሰዓቱና የትኛው መንገድ ለማን እንደሚሻል

ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን ዲሲ የሚሄደው ሰው ብዙ ነው። ዲቪ የደረሰው አለ። ልጇን ልታርስ የምትሄድ እናት አለች። ክረምቱን አገር ቤት አሳልፎ ወደ ትምህርቱ የሚመለስ ወጣት አለ። ሁሉም ቲኬት ከመቁረጡ በፊት ያንኑ ይጠይቃል። በየት በኩል ልሂድ? ስንት ሰዓትስ ይፈጃል? መልሱ እንደ ተሳፋሪው ይለያያል። መሄጃውና መመለሻውም አንድ ዓይነት አይደለም። ብዙ ሰው ይህን ሳያስብ በአንድ መንገድ ደርሶ መልስ ይቆርጣል።

መጀመሪያ ርቀቱን እንይ። ደለስ ቨርጂኒያ ውስጥ ያለው የዋሽንግተን ዓለም አቀፍ ኤርፖርት ነው። ቴክሳስ ካለችው ዳላስ ጋር አይምታታባችሁ። ከቦሌ እስከ ደለስ በአየር ላይ ያለው አጭሩ ርቀት 11,560 ኪሎ ሜትር ግድም ነው። በማይል 7,180 አካባቢ ይመጣል። ይህ የሚለካው በክብ ምድር ላይ ነው። ሉል ላይ ከአዲስ አበባ እስከ ዋሽንግተን ክር ብትወጥሩ ክሩ ሱዳንን፣ ሊቢያንና አልጄሪያን አቋርጦ በስፔንና በፖርቱጋል በኩል አትላንቲክ ላይ ይወጣል። ጠፍጣፋ ካርታ ላይ ግን ቀጥተኛው መስመር በሰሃራ መሀል አልፎ በምዕራብ አፍሪካ ዳርቻ ስለሚወጣ ያሳስታል። ዋሽንግተን ለመሄድ አውሮፓን መንካት ለምን አስፈለገ ለሚል ሰው መልሱ ይኸው ነው። አውሮፓ ከመንገዱ ብዙም አይርቅም።

ትልቅ የመንገደኞች አውሮፕላን በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ግድም ይበራል። ስታካፍሉት 13 ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ደቂቃ ይቀረዋል። ከደለስ ወደ ቦሌ ያለው በረራም ይህን ያህል ይፈጃል። ከቦሌ ወደ ደለስ ግን ከ16 እስከ 17 ሰዓት ይሄዳል። ያው ሁለት ከተማ፣ ያው አየር መንገድ፣ ያው አውሮፕላን ሆኖ የሦስትና የአራት ሰዓት ልዩነት አለ።

መሄጃው ለምን ይረዝማል?

ዋናው ምክንያት ቦሌ ራሱ ነው። ኤርፖርቱ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ያለ ቦታ ላይ ነው ያለው። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ነው። በስስ አየር ሞተር ሙሉ ጉልበቱን አያወጣም። ክንፉም አውሮፕላኑን ለማንሳት የበለጠ ፍጥነት ይፈልጋል። ስለዚህ ከመነሳቱ በፊት ረጅም መንደርደር አለበት። ቦሌ 3,800 ሜትር ግድም የሚደርስ ማኮብኮቢያ አለው። ይህ በደለስ ካሉት ሁሉ ይረዝማል። እንዲያም ሆኖ ሙሉ ሰው፣ ሙሉ ጭነትና እስከ ዋሽንግተን የሚያደርስ ነዳጅ አንድ ላይ ተሸክሞ ከዚህ መነሳት ከባድ ነው። መፍትሔው ነዳጁን ቀንሶ ተነስቶ መንገድ ላይ መሙላት ነው።

ደለስ ከባሕር ወለል 100 ሜትር እንኳ አይሞላም። እዚያ አውሮፕላኑ ታንኩን ሞልቶ ይነሳል፤ የትም ሳያርፍ አዲስ አበባ ይገባል። ቢሾፍቱ አቅራቢያ የታቀደው አዲሱ ኤርፖርት ከቦሌ ዝቅ ያለ ቦታ ላይ መሆኑ እኔን የሚያስደስተኝም ለዚህ ነው። ለረጅም በረራ ዝቅ ያለ መሬት ትልቅ ጥቅም ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ነፋስ ነው። አውሮፕላን በሚበርበት ከፍታ፣ ከ10 ኪሎ ሜትር በላይ፣ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍስ ኃይለኛ ነፋስ አለ። ወደ አሜሪካ ስትሄዱ ከፊት ይመጣል። ስትመለሱ ከኋላ ይገፋል። ይህን በዓይናችሁ ማየት ትችላላችሁ። ከፊታችሁ ባለው ስክሪን ላይ የበረራውን ካርታ ክፈቱና ፍጥነቱን ተመልከቱ። አትላንቲክን ወደ ምዕራብ ስታቋርጡ በሰዓት ወደ 800 ኪሎ ሜትር ሊወርድ ይችላል። በመመለሻው ቁጥሩ 1,000ን ሲያልፍ ታዩታላችሁ። በዲሴምበርና በጃንዋሪ ነፋሱ ስለሚበረታ ልዩነቱም ይሰፋል።

ሦስተኛው ጦርነት ነው። በሱዳን ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ውጊያው ሲነሳ የአገሪቱ የአየር ክልል ለመንገደኞች በረራ ተዘጋ። ሱዳን ደግሞ ከአዲስ አበባ ወደ አውሮፓና አሜሪካ ለሚሄድ አብዛኛው በረራ የመጀመሪያዋ በር ናት። ስለዚህ አውሮፕላኖች ዞረው መሄድ ጀመሩ፤ በረራውም ረዘመ። የድሮ ቲኬታችሁ ላይ ያለውን ሰዓት ከአዲሱ ጋር አታወዳድሩ።

በአንድ አውሮፕላን መሄድ

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ ዋሽንግተን የሚበረው እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ ነው። መሄጃው ላይ ነዳጅ የሚሞላበት ከተማ ግን ተቀያይሯል። በተለያየ ጊዜ ሮም፣ ደብሊንና ሎሜ ላይ አርፏል። ቲኬት ስትቆርጡ ይህን ጠይቁ፤ ልዩነት አለውና። በሮም በኩል ከሆነ ጠቅላላው ርቀት 11,710 ኪሎ ሜትር ግድም ነው። ከአጭሩ መስመር የሚበልጠው በ150 ብቻ ነው። በደብሊን 11,830 ይሆናል። በሎሜ ግን 12,750 ይደርሳል። ይህ 1,200 ኪሎ ሜትር ሊሞላ ትንሽ የቀረው ጭማሪ ነው፤ ከአንድ ሰዓት በላይ በረራ ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ቀጥታ በረራ ሲባል መሀል ላይ አያርፍም ማለት አይደለም። የበረራ ቁጥሩ አይቀየርም፣ እናንተም አውሮፕላን አትቀይሩም ማለት ነው። መጀመሪያ የሚሄድ ሰው ይህን ሳያውቅ ይሳፈርና ሌሊት ላይ አውሮፕላኑ ሲወርድ ይደነግጣል።

የሚሆነው እንዲህ ነው። መብራቱ ይበራል። ወደ ዋሽንግተን የሚቀጥለው ተሳፋሪ ወንበሩ ላይ ይቆያል። አስተናጋጆቹ ቀበቷችሁን ፍቱ ይላሉ። ያልለመደ ሰው ግራ ይገባዋል፤ ሁልጊዜ እሰሩ ሲባል ነው የሰማው። ምክንያቱ ነዳጅ እየተቀዳ አንድ ነገር ቢፈጠር ሰው ቶሎ እንዲወጣ ነው። የጽዳት ሠራተኞች ይገባሉ። አብራሪዎችና አስተናጋጆች ይቀየራሉ። መተላለፊያው ላይ ሰው ቆሞ ወገቡን ያፍታታል፣ ልጅ ያለቅሳል፣ አንዱ ስልኩን ከፍቶ ዋይፋይ ይፈልጋል። አንድ ሰዓት ግድም ይፈጃል። ከዚያ ጉዞው ይቀጥላል። ይህችን አንድ ሰዓት እግር ለማፍታታት ተጠቀሙባት። ከፊታችሁ ያለው በረራ ረጅሙ ነውና።

ፕሮግራሙ ለብዙ ዓመት የለመድነው ነው። ከቦሌ ማታ ተነስቶ በማግስቱ ጠዋት ደለስ ይገባል። ከደለስ ረፋድ ላይ ተነስቶ በማግስቱ ጠዋት ቦሌ ይገባል።

አውሮፕላን ቀይሮ መሄድ

አማራጩ ሰፊ ነው። በፍራንክፈርት፣ በኢስታንቡል፣ በዶሃና በዱባይ መሄድ ይቻላል። የመስመሩ ጠቅላላ ርቀት በፍራንክፈርት 11,900፣ በኢስታንቡል 12,110፣ በዶሃ 13,390፣ በዱባይ 13,870 ኪሎ ሜትር ግድም ነው። ዱባይ የሚሄድ ሰው መጀመሪያ 2,500 ኪሎ ሜትር ወደ ሰሜን ምሥራቅ ይበራል። ከዚያ ዞሮ ወደ ምዕራብ ይመለሳል። ከአጭሩ መስመር 2,300 ኪሎ ሜትር ይበልጣል።

ታዲያ በዱባይና በዶሃ የሚሄደው ለምን በዛ? ዋጋው ስለሚቀንስ ነው። የሚነሱ በረራዎችም ብዙ ናቸው። ከዚያ ደግሞ ኪሎ ሜትሩ እንደሚያስፈራው አይደለም። በአየር ላይ የሚያልፈውን ሰዓት ብቻ ስትደምሩ በፍራንክፈርት 16 ሰዓት ተኩል፣ በኢስታንቡል 17፣ በዶሃና በዱባይ 18 ሰዓት ግድም ይመጣል። በፍራንክፈርትና በዱባይ መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሰዓት ተኩል ነው። ሰው የሚደክመው በዚህች ሰዓት ተኩል አይደለም። ትራንዚት ላይ ነው።

ስለዚህ ቲኬት ስታወዳድሩ ኪሎ ሜትሩን ተዉት። ከቦሌ ከሚነሳበት እስከ ደለስ የሚያርፍበት ጠቅላላ ሰዓት ስንት ነው? ትራንዚቱስ? እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ብቻ ወረቀት ላይ ጻፉ። ሦስት ሰዓት ትራንዚት ያለው የዱባይ ጉዞ ስምንት ሰዓት ከሚያስቀምጠው የፍራንክፈርት ጉዞ በጣም ይሻላል። አንድ ሰዓት ተኩል ብቻ ያለው ትራንዚት ደግሞ በወረቀት ላይ ያምራል፤ እኔ ግን አልገዛውም። ከአዲስ አበባ የሚነሳው በረራ ትንሽ ቢዘገይ ሁለተኛው ያመልጣችኋል። ወደ አሜሪካ ለሚሄድ በረራ በር ላይ ተጨማሪ የሰነድ ምርመራና ፍተሻ ስለሚኖር ሰዓቱ የበለጠ ይጠባል። በእኔ ግምት ከሁለት ሰዓት ተኩል እስከ አራት ሰዓት ያለው ጥሩ ነው። ሁለቱም በረራ በአንድ ቲኬት ላይ መሆኑንም አረጋግጡ። በአንድ ቲኬት ከሆነ ቢያመልጣችሁ በሚቀጥለው የማሳፈር ኃላፊነት የአየር መንገዱ ነው። ለየብቻ ገዝታችሁ ከሆነ ኪሳራው የእናንተ ነው።

የአውሮፓው መንገድ ሌላ ጣጣ አለው። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው ከኤርፖርት ሳይወጣ እንኳ በሸንገን (በጋራ ቪዛ በሚጠቀሙት የአውሮፓ) አገሮች ለማለፍ የኤርፖርት ትራንዚት ቪዛ ይጠየቃል። የአሜሪካ ቪዛ ወይም ግሪን ካርድ በእጁ ያለ ሰው ግን ከዚህ ነፃ ነው። ጉዳያችሁ ገና በሂደት ላይ ከሆነና የያዛችሁት የጉዞ ሰነድ ሌላ ዓይነት ከሆነ፣ ከመክፈላችሁ በፊት የምታልፉበትን አገር ኤምባሲ ጠይቁ። ቦሌ ቼክ-ኢን ላይ ደርሶ መመለስ በጣም ያማል። በዶሃና በዱባይ ከኤርፖርቱ እስካልወጣችሁ ድረስ ይህ ጥያቄ የለም።

ሰዓቱን መቁጠር

ቲኬት ላይ የሚጻፈው ሰዓት ሁልጊዜ የየከተማው ሰዓት ነው፤ ያውም በፈረንጅ አቆጣጠር። 22:30 ማለት በእኛ ከምሽቱ 4:30 ነው። 00:30 ደግሞ ከሌሊቱ 6:30 ነው፤ ቀኑም ተቀይሯል። ቲኬቱ 15 ላይ 00:30 የሚል ከሆነ ቦሌ መገኘት ያለባችሁ በ14 ምሽት ነው። በዚህች ብቻ በረራ ያመለጠው ሰው ቀላል አይደለም።

አዲስ አበባ ከዋሽንግተን በሰባት ሰዓት ትቀድማለች። ይህ ከማርች ሁለተኛው እሁድ እስከ ኖቬምበር የመጀመሪያው እሁድ ነው። በቀሪው ጊዜ ልዩነቱ ስምንት ሰዓት ይሆናል። ለኢትዮጵያውያን የሚመች አንድ ዘዴ አለ። የሐበሻ ሰዓታችሁ ላይ ያለውን ቁጥር ውሰዱና በበጋቸው (ልዩነቱ ሰባት ሲሆን) አንድ፣ በክረምታቸው (ስምንት ሲሆን) ሁለት ቀንሱ። የዋሽንግተንን ሰዓት ታገኛላችሁ። አዲስ አበባ ከምሽቱ 2 ሰዓት ከሆነ፣ ዋሽንግተን በበጋቸው ከቀኑ 1 ሰዓት ነው፤ በእነሱ አቆጣጠር። አዲስ አበባ ጠዋት 2 ሰዓት ከሆነ እዚያ ከእኩለ ሌሊት በኋላ 1 ሰዓት ነው፤ ስልክ አትደውሉ።

የበረራውን ርዝመት ከቲኬት ላይ ለማስላትም ያው ነው። ከቦሌ 22:30 ተነስቶ ደለስ 08:30 የሚገባ በረራ የአስር ሰዓት ጉዞ ይመስላል። ሰባቱን ስትጨምሩ 17 ሰዓት ነው።

ለማን የቱ?

ለእናትና ለአባት፣ በተለይ ቋንቋ ለማያውቁ፣ አውሮፕላን የማይቀየርበትን ምረጡ። ዋጋው ቢጨምርም ይህንን ነው የምመክረው። እማማ ቦሌ ላይ ይቀመጣሉ፣ ደለስ ላይ ይነሳሉ። አማርኛ የሚናገር አስተናጋጅ አለ። የበር ቁጥር መፈለግ የለም፣ ተርሚናል በባቡር መቀየር የለም። ትልቅ ኤርፖርት ውስጥ ግራ ተጋብተው የቆሙ አንዲት አረጋዊት እናት ያየ ሰው ለምን እንደምል ይገባዋል። ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ቦርዲንግ ፓሱን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ የሚያልፈውን ሁሉ ፊት እያዩ አበሻ ይፈልጋሉ። የሚያልፈው ሰው ሺህ ነው፤ የሚያናግራቸው የለም። ገንዘቡ የግድ ካላስቻላችሁና በትራንዚት የምትልኳቸው ከሆነ ቲኬቱ ሲቆረጥ ዊልቸር አዝዙ። መራመድ ቢችሉም አዝዙ። የሚገፋው ሠራተኛ ከበር እስከ በር ያደርሳቸዋል። ስማቸውን፣ የሚቀጥለውን በረራ ቁጥርና የልጃቸውን ስልክ በእንግሊዝኛ በትልቁ ጽፋችሁ አንገታቸው ላይ በሚንጠለጠል ቦርሳ አስይዟቸው።

ሕፃን ይዞ ለሚሄድም አንድ አውሮፕላን ይሻላል። የተኛ ልጅ ቀስቅሶ፣ ጋሪ ገፍቶ፣ ፍተሻ መሰለፍ አድካሚ ነው። የሕፃን ማስተኛ ያለው ወንበር ጥቂት ስለሆነ ቀድማችሁ ጠይቁ።

ብቻውን የሚሄድ ጤነኛ ወጣት ግን ገንዘቡን ቢያተርፍ ምን አለበት? በኢስታንቡል ወይም በዶሃ ይሂድ። ጉዞውም ለሁለት ስለሚከፈል መሀል ላይ መራመድ ይቻላል። እግሩ የሚያብጥበት ወይም የደም መርጋት ታሪክ ያለበት ሰው ሐኪሙን አማክሮ ይህን ቢመርጥ አይገርምም። በየትኛውም መንገድ ውሃ ጠጡ፣ በየሁለት ሰዓቱ ተነሱ።

መድረሻው ዋሽንግተን ያልሆነ ሰው ደግሞ ስሌቱ ሌላ ነው። ሚኒያፖሊስ፣ ሲያትል ወይም ዳላስ ለሚሄድ፣ በኢስታንቡልም ሆነ በፍራንክፈርት ትራንዚት አድርጎ በቀጥታ ከተማው የሚገባ በረራ ካለ በደለስ ከመዞር ሊሻል ይችላል። በደለስ ከገባችሁ ሻንጣችሁ እስከ መጨረሻው ከተማ ምልክት ቢደረግበትም ጉምሩክ ለማለፍ ራሳችሁ ታነሱታላችሁ። ከዚያ ለሚቀጥለው በረራ መልሳችሁ ታስረክቡታላችሁ። ኢሚግሬሽኑ ሰልፍ አለው። ስለዚህ በደለስና በአገር ውስጥ በረራው መካከል ቢያንስ ሦስት ሰዓት ይኑር። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ ስታር አላያንስ የሚባለው የአየር መንገዶች ኅብረት አባል ነው። ደለስ ላይ ብዙ የአገር ውስጥ በረራ ያለው ዩናይትድም የዚሁ ኅብረት አባል ስለሆነ ሁለቱን በአንድ ቲኬት ማግኘት ቀላል ነው። ሉፍታንዛና የቱርክ አየር መንገድም እዚሁ ውስጥ ናቸው፤ ሸባ ማይልስ የተባለውን የኢትዮጵያ አየር መንገድ የደንበኞች ነጥብ ለሚያጠራቅም ይህ ይጠቅማል። እዚያው ዲሲ ወይም አካባቢው ለሚቀር ሰው ደግሞ ከኅዳር 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ሜትሮው (የከተማው ባቡር) ደለስ ድረስ ይገባል።

የሻንጣው ነገር

ወደ አሜሪካ በኢኮኖሚ ለሚሄድ የተለመደው ሁለት ሻንጣ፣ እያንዳንዱ 23 ኪሎ ነው። በአውሮፓ በኩል የሚሸጡ አንዳንድ ርካሽ ቲኬቶች ግን አንድ ሻንጣ ብቻ፣ አንዳንዴም ምንም አይፈቅዱም። ለሁለተኛው ሻንጣ የምትከፍሉትን ስትደምሩ ርካሹ ቲኬት ርካሽ ላይሆን ይችላል። በርበሬና ሽሮ ይዞ ለሚሄድ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

በርበሬው፣ ሽሮውና የተፈጨው ቡና ወደ ትልቁ ሻንጣ ይግባ። ወደ አሜሪካ በሚሄድ በረራ በእጅ ሻንጣ የተያዘ ከ350 ሚሊ ሊትር በላይ የሆነ ዱቄት ተጨማሪ ፍተሻ ያስከትላል፤ ላይፈቀድም ይችላል። ማር በእጅ ከያዛችሁ ፍተሻው ላይ ይጣላል። የ100 ሚሊ ሊትሩ ሕግ ማርንም ይመለከታል። ቋንጣ ጨርሶ አትያዙ፣ የአሜሪካ ጉምሩክ ይወስደዋል። ሌላ ምግብ ከያዛችሁ ስትጠየቁ ተናገሩ። ተናግሮ መወሰድና ደብቆ መያዝ አንድ አይደለም፤ ለደበቀ ቅጣት አለው።

መመለሻው

በመመለሻው ላይ ሚዛኑ ወደ አንድ ወገን ያጋድላል። ከደለስ ቦሌ ሳያርፍ በ13 ሰዓት ግድም የሚያስገባ በረራ እያለ፣ የዋጋው ልዩነት ትንሽ ከሆነ በሌላ መንገድ 20 እና 22 ሰዓት መንከራተት አይታየኝም። ነፋሱም ያግዛል፣ ነዳጅ መሙያውም የለም። ለሁለት ሳምንት ብቻ አገር ቤት ለሚመጣ ሰው የተረፈው ሰዓት ከቤተሰብ ጋር የሚያሳልፈው ነው። ስለዚህ ቲኬት ቢሮ ስትሄዱ ወይም ስልካችሁ ላይ ስትፈልጉ ደርሶ መልሱን ከጠየቃችሁ በኋላ መሄጃና መመለሻውን በየራሱ መንገድ አጣምራችሁም ጠይቁ። አንዳንዴ የአንድ መንገድ ቲኬት ለብቻው ሲገዛ ይወደዳል፤ አንዳንዴ ደግሞ ሁለቱ ተደምረው ከደርሶ መልሱ ብዙም አይበልጡም። ሰኔ፣ ሐምሌና ታኅሣሥ ወንበር ቶሎ ስለሚያልቅ በእነዚህ ወራት የምትጓዙ ከሆነ ይህን ጥያቄ ከወራት በፊት አንሱት።